በኡድናዳታ ጥርጊያ መንገድ ለሚጓዙ ብስክሌተኞች አንድ አጃቢ መኪና ይበቃል ወይ?

ጥያቄ፦ «በሜልበርን የምንኖር 12 ኢትዮጵያውያን ብስክሌተኞች ነን። በመጪው ሐምሌ በደቡብ አውስትራሊያ ከማሪ ተነስተን በኡድናዳታ መንገድ እስከ ማርላ፣ ከሆነልንም እስከ አሊስ ስፕሪንግስ ለመጓዝ አስበናል። አንድ ላንድክሩዘርና ሁለት ሾፌሮች አሉን። ይበቃናል ወይ? ውኃስ ምን ያህል እንያዝ?»

ምላሽ፦ አጭሩ መልስ «አይበቃም» ነው። ምክንያቱ መኪናው ቢበላሽስ የሚለው ስጋት ብቻ አይደለም፤ በደንብ የተያዘ ላንድክሩዘር ያን መንገድ ይወጣዋል። ችግሩ አንድ መኪና በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ሊቆም አለመቻሉ ነው፤ የቡድን ጉዞ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ረፋድ ጀምሮ ሁለት ቦታ መቆምን ይጠይቃል።

ስሌቱን ይመልከቱት። ከ12ቱ መካከል ጠንካራው በኮሮኮንች ላይ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር፣ ደካማው 10 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። ከአራት ሰዓት በኋላ የፊተኛው 72ኛው ኪሎ ሜትር ላይ፣ የኋለኛው 40ኛው ላይ ይሆናሉ፤ በመካከላቸው 32 ኪሎ ሜትር ጥላ የሌለው ሜዳ አለ። መኪናው ከፊተኞቹ ጋር ቆሞ ሳለ ከኋላ አንድ ሰው ቢወድቅ፣ በመጀመሪያ ወሬው መድረስ አለበት፤ ስልክ በአብዛኛው መንገድ ላይ አይሠራምና። ወሬው ከደረሰ በኋላም ሾፌሩ በዚያ ኮሮኮንች በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ቢነዳ 40 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። መኪናው ከኋለኛው ጋር ቢሆን ደግሞ ፊተኞቹ ውኃ ጨርሰው ይጠብቃሉ። ሰዎቹን አንድ ላይ ማስኬድ መፍትሔ ይመስላል፤ ሆኖም 12 ሰው በደካማው ፍጥነት ለዘጠኝ ቀን አስገድዶ ያስኬደ አስተባባሪ እስካሁን አላየሁም።

ስለዚህ ሁለት መኪና፣ ብስክሌት የማይነዱ አራት የድጋፍ ሰዎች፣ አንድ ተሳቢ ያስፈልጋችኋል። የፊተኛው መኪና ማለዳ ቀድሞ ይወጣና 25 ኪሎ ሜትር ላይ ቆሞ ጥላ ዘርግቶ ውኃና የሚቀመስ ነገር ያዘጋጃል፤ ሁሉም ካለፉ በኋላ ወደሚቀጥለው 25 ኪሎ ሜትር ይሸጋገራል። የኋለኛው መኪና ሕግ አንድ ነው፤ ከመጨረሻው ብስክሌተኛ ፈጽሞ አይቀድምም። ይህ ማለት ግን በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር እግር በእግር ይከተላል ማለት አይደለም። እንደዚያ ሲነዳ ሾፌሩ ይደነዝዛል፤ የብስክሌተኛው ጀርባም የሞተር ድምፅ እየሰማ ይጨነቃል፤ ከሁሉም በላይ ከብት የሚጭኑት ረጃጅም ተሳቢ መኪናዎች በአቧራ ውስጥ የሚንፏቀቅን መኪና ላያዩት ይችላሉ። ሾፌሩ ከመንገዱ ወጥቶ ይቁም፣ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ያስቀድማቸው፣ ከዚያ ይድረስባቸውና እንደገና ይቁም።

ይህንን ሕግ የማጠብቀው ራሴ ስላጠፋሁ ነው። ከዓመታት በፊት የኋላውን መኪና ስነዳ አንድ ተጓዥ ለመሽናት ከነብስክሌቱ ወደ ደረቅ ወንዝ ወርዶ ነበር፤ እኔም ሳላየው አለፍኩ። የጎደለ ሰው መኖሩን ያወቅነው ምሳ ላይ ስንቆጠር ነው። ተመልሰን ስናገኘው ባዶ ኮዳውን ይዞ ቀስ እያለ ይመጣል፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከኋላው ማንም አልነበረም። ከዚያ ቀን ወዲህ በማስተባብረው ጉዞ ሁሉ ከመንገድ የሚወጣ ሰው ብስክሌቱን መንገዱ ዳር፣ ከሩቅ በሚታይበት ቦታ ትቶ ይወጣል፤ በየውኃ ማቆሚያውም ስም ሳይሆን ቁጥር ይጠራል፤ እያንዳንዱ ከአንድ እስከ 12 የራሱ ቁጥር አለው።

ሁለተኛው መኪና ሌላም ሥራ አለው። በዚያ አካባቢ ከባድ ጉዳት የደረሰበትን ሰው የሚያነሳው፣ እ.ኤ.አ. በ1928 የተመሠረተው የበራሪ ሐኪሞች አገልግሎት ነው፤ በፖርት ኦገስታና በአሊስ ስፕሪንግስ የአውሮፕላን ጣቢያዎች፣ በማሪና በማርላ ደግሞ ክሊኒኮች አሉት። አውሮፕላን ግን የትም አያርፍም። ማሪ፣ ዊሊያም ክሪክና ኡድናዳታ ማረፊያ ሜዳ ስላላቸው፣ ማታ ማታ የነገውን መንገድ ስትነጋገሩ «ነገ እኩለ ቀን ላይ የምንሆነው ከየትኛው ሜዳ በምን ያህል ርቀት ነው?» የሚለው ጥያቄ መመለስ አለበት። አንዱ መኪና በሽተኛ ይዞ 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የቀሩት 11 ሰዎች ውኃቸውን ይዞ የሚቆም መኪና ያስፈልጋቸዋል። በአንድ መኪና ብትወጡ፣ አንድ ሰው ለማዳን 11ዱን በረሃ ላይ ትታችሁ መሄድ ግድ ይሆንባችኋል።

አሁን ወደ ውኃው እንምጣ። ይህ መንገድ የተገኘው በውኃ ምክንያት ነው። ከምድር በታች ያለው የታላቁ አርቴዥያን ተፋሰስ ውኃ በራሱ ግፊት ወደ ላይ ወጥቶ ምንጭ የሚሆንባቸው ቦታዎች በዚያ መስመር ተደርድረዋል፤ የአራባና ሕዝብ ለብዙ ሺህ ዓመታት በእነርሱ ላይ ተመርኩዞ ኖሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1872 የተጠናቀቀው የቴሌግራፍ መስመርም፣ ኋላም የእንፋሎት ባቡሩ እነዚያን ምንጮች ተከትለው ነው የተዘረጉት። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1980 ወደ ምዕራብ ወደተሠራው አዲስ ሐዲድ ሲዛወር አሮጌው መስመር ተዘጋ፤ እናንተ የምትነዱት ከፍርስራሹ ጎን ነው። (ማሪ ስትደርሱ የግመል ነጂዎቹን ታሪክ ጠይቁ፤ ከአፍጋኒስታንና ከአካባቢዋ የመጡት እነዚያ ነጂዎች መስጊድ ሠርተው፣ የተምር ዛፍ ተክለው የኖሩባት ከተማ ናት።)

ነገር ግን የመንገዱ ውኃ ለእናንተ ስንቅ አይሆንም። ከጉድጓድ የሚወጣው ውኃ በብዙ ቦታ ጨዋማና ማዕድን የበዛበት ነው፤ ሲወጣም ትኩስ ሊሆን ይችላል። ላብ ያሟጠጠው ሰው ጨዋማ ውኃ ሲጠጣ ሆዱ ይረበሻል፣ የጠጣውንም መልሶ ያጣዋል። ስለዚህ ከመነሳታችሁ ሳምንታት በፊት በዊሊያም ክሪክና በኡድናዳታ ላሉት ማረፊያዎች ስልክ ደውላችሁ «ለ16 ሰው የሚሆን የመጠጥ ውኃ በዚህ ቀን ልትሸጡልን ትችላላችሁ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ፤ ቁጥሩንም ንገሯቸው። ዊሊያም ክሪክ ነዋሪዎቿ በጣት የሚቆጠሩ ሰፈር ናት፤ ከ600 ሊትር በላይ ፈላጊ ሳይታሰብ ሲመጣባት አትደሰትም።

ከማሪ እስከ ዊሊያም ክሪክ 204 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ ኡድናዳታ ሌላ 200 ኪሎ ሜትር፣ ከኡድናዳታ ማርላም እንደዚያው ከ200 ትንሽ ይበልጣል። በቀን 70 ኪሎ ሜትር ብትሄዱ እያንዳንዱ ክፍል ሦስት ቀን ይፈጃል። ለአንድ ብስክሌተኛ በቀን 10 ሊትር፣ ለአንድ የድጋፍ ሰው 6 ሊትር ያዙ፤ ይህ የሚጠጣውን፣ የሚበሰልበትንና እጅና ሳህን የሚታጠብበትን ይጨምራል፤ ገላ መታጠብን አይጨምርም። በቀን 144 ሊትር፣ ለሦስት ቀን 432 ሊትር ይሆናል። በዚህ ላይ ዝናብ ወይም ብልሽት ቢያስቆማችሁ ለሁለት የመቆያ ቀን በነፍስ ወከፍ 6 ሊትር ሲታሰብ 192 ሊትር ይጨመራል፤ ድምሩ 624 ሊትር ነው። ውኃ ደግሞ አንዱ ሊትር አንድ ኪሎ ይመዝናል። ብዙዎቹ ላንድክሩዘሮች ተሳፋሪውን ጨምሮ የተፈቀደላቸው ጭነት ከ700 ኪሎ ግራም ብዙም ስለማይርቅ፣ የእርስዎ አንድ መኪና ውኃውን ብቻ ቢጭን ለሾፌሮቹ፣ ለምግቡና ለነዳጁ የሚተርፈው ቦታ ኢምንት ነው። ለጥያቄዎ በቁጥር መልስ ካስፈለገ ይኸው ነው።

ውኃውን በአንድ ትልቅ ታንከር አትያዙት። ኮሮኮንቹ የታንከሩን መገጣጠሚያ ሲያላላው ሌሊቱን ሙሉ ፈስሶ ማደር ይችላል። በ20 ሊትር ጀሪካን 32 ጀሪካን ይሆናል፤ 16ቱን በአንዱ መኪና፣ 16ቱን በሌላው ከፍላችሁ ጫኑ፤ በየማታውም የቀረውን አንድ ሰው ይቁጠርና ይጻፍ። ቁጥሩ ከታሰበው በላይ ብዙ ቢቀር ደስ አይበላችሁ፤ ሰዎቹ አልጠጡም ማለት ነው።

በዚህ ረገድ ለኢትዮጵያውያን ቡድን ልዩ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ከሙቀቱ ይልቅ የምፈራላችሁ ይሉኝታን ነው። ሐምሌ በዚያ ክረምት ስለሆነ ቀኑ ወደ 20 ዲግሪ፣ ሌሊቱ ወደ 5 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960 በጥር ወር መጀመሪያ ኡድናዳታ ላይ የተመዘገበውን 50.7 ዲግሪ የምታገኙት አይደላችሁም። ችግሩ ቅዝቃዜው ጥሙን መደበቁ ነው፤ ደረቁ ነፋስ ላቡን ወዲያው ስለሚያተንነው ሰው ያላበው አይመስለውም። ራሱን ያመመው፣ ያቅለሸለሸው ወንድም ወይም እህት ደግሞ «ጓደኞቼን ላላስቸግር» ብሎ ዝም ይላል፣ ታላላቆቹ ፊትማ ይብሳል። ስለዚህ መኪና ላይ መውጣት የግል ውሳኔ አይሁን። ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ድንኳን እንዲተከል፣ 9 ሰዓት ላይ ከማረፊያው ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀ ሁሉ ማንም ይሁን ማን ተጭኖ እንዲሄድ ሜልበርን ሳላችሁ ተስማሙ፤ የሚጭነውም የኋላ መኪናው ሾፌር ነው፣ ክርክርም የለም። ሽንት ጠቆር ሲል የሚናገር፣ የጠጣውን ኮዳ ቆጥሮ የሚያስመዘግብ ሰው መመስገን አለበት። ያለ ጨው ብዙ ውኃ መጠጣትም ራሱን የቻለ አደጋ ነው፤ በደም ውስጥ ያለው ጨው ሲቀጥን ሰው እንደ ሰከረ ይሆናል፤ ስለዚህ በየማቆሚያው የሚቀመሰው ነገር ጨው ያለበት ይሁን።

ስለ ምግብ ጥቂት ልበል፤ እዚህ ላይ የእኛ ጓዳ ይረዳችኋል። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ሽሮ ማቀዝቀዣ አይፈልጉም፤ ክብደታቸውም ቀላል ነው። በጥብጦ የሚጠጣ በሶ በጨው ወይም በማር ለብስክሌተኛ ከሱቅ ከሚገዛው ዱቄት የሚያንስ አይደለም። ፍራፍሬና እንደ ቲማቲም ያለ አትክልት ግን ሜልበርን ካለችበት ከቪክቶሪያ ግዛት ይዛችሁ አትሂዱ፤ ደቡብ አውስትራሊያ በፍራፍሬ ዝንብ ምክንያት ጥብቅ ቁጥጥር ስላላት ፖርት ኦገስታ ስትደርሱ ግዙ። ሌላው የጾም ጉዳይ ነው። ጉዞው ወደ ሐምሌ መጨረሻ ከተገፋ ፍልሰታ መንገድ ላይ ይይዛችኋል፤ ረቡዕና ዓርብም በመካከል አሉ። የምትበሉት የጾም ምግብ መሆኑ ለእኔ ችግር አይደለም፤ እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ 70 ኪሎ ሜትር ኮሮኮንች መንዳት ግን እኔ የምደግፈው ጉዞ አይሆንም። ይህንን እያንዳንዱ ሰው ከመነሳቱ በፊት ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገርበት፤ በረሃ ላይ ሆኖ የሚወሰን ጉዳይ አይደለም።

መገናኛን በተመለከተ፣ ሁለቱ መኪናዎች በሬዲዮ ይነጋገሩ፤ ለአጭር ርቀት የሚሠራው የመኪና ሬዲዮ ፈቃድ አያስፈልገውም። አንድ የሳተላይት ስልክ በኋላው መኪና ይሁን፤ የግል የነፍስ አድን ጠቋሚ መሣሪያ ደግሞ ቢያንስ ሁለት ያዙ፤ አንዱን ከፊተኞቹ ብስክሌተኞች የአንዱ ኪስ ውስጥ አድርጉት። መሣሪያውን የአውስትራሊያ የባሕር ደኅንነት ባለሥልጣን ዘንድ በስማችሁ አስመዝግቡ፤ ምዝገባው በነፃ ነው። የሚጫነው ነፍስ ስትጨነቅ ብቻ እንጂ ከመነዳሪ ስላለቀ አይደለም።

ዝናብ ከዘነበ ቁሙ። ጥቂት ሚሊ ሜትር ዝናብ ያንን ሸክላ አፈር እንደ ሊጥ ያደርገዋል፤ ጭቃው በጎማውና በፍሬኑ መካከል ተጠቅጥቆ ብስክሌቱን መግፋትም አይቻልም። መንግሥት መንገዱን ሲዘጋ በተዘጋ መንገድ መንዳት ከባድ ቅጣት አለው፤ ቅጣቱ ባይኖርም ከመኪናችሁ የሚቀረው ጥልቅ የጎማ ቦይ ለነዋሪው የወራት ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 የጣለው ዝናብ ዋናውን አስፋልትና የባቡር ሐዲዱን ሳይቀር ስለቆራረጠ፣ ለጥርጊያ መንገዱ የምትይዙት ሁለት የመጠባበቂያ ቀን ቅንጦት አይደለም። ከሥራ የእረፍት ፈቃድ ከመውሰዳችሁ በፊት እነዚህን ቀናት ጨምሩ፤ ሰኞ ሥራ መግባት ያለበት ሰው በጭቃ ላይ መጥፎ ውሳኔ ይወስናል።

ስለ ብስክሌቶቹ ማሳሰብ የምፈልገው ጥቂት ነው። የጎማው ስፋት ከ50 ሚሊ ሜትር ባያንስ፣ ንፋሱም ከአስፋልቱ ቢቀንስ ጥሩ ነው። የሁሉም የጎማ መጠን አንድ ቢሆን መለዋወጫው በግማሽ ይቀንሳል። ከኋላ ማርሽ ጋር ፍሬሙን የምታገናኘው ትንሽ ብረት በየብስክሌቱ ስለምትለያይ እያንዳንዱ የራሱን ሁለት ይያዝ፤ አንዷ ስትሰበር ሌላ ቦታ አትገኝምና። መኪና ኋላ ላይ የሚንጠለጠል የብስክሌት መስቀያ በዚያ ኮሮኮንች ይቆረጣል፤ ብስክሌት የሚጫነው ተሳቢው ውስጥ ተደላድሎ፣ በብርድ ልብስ ተለያይቶ ነው። ለመኪናዎቹም እያንዳንዳቸው ሁለት ትርፍ ጎማ ያስፈልጋቸዋል። ነዳጅ በማሪ፣ በዊሊያም ክሪክ፣ በኡድናዳታና በማርላ ይገኛል፤ ሆኖም አጃቢ መኪና ወደፊትና ወደኋላ ስለሚመላለስ 200 ኪሎ ሜትሩን እንደ 350 ቁጠሩት።

ማደሪያን በሚመለከት፣ ሁለተኛውን ሌሊት ካዋርድ ስፕሪንግስ ብታደርጉት እመክራለሁ፤ ከማሪ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን የድንኳን ቦታና መታጠቢያ የሚሆን ለብ ያለ የምንጭ ገንዳ አለው፤ የመጠጥ ውኃ ግን ከእሱ አትጠብቁ። ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ ያሉት ባብለርና ብላንሽ ካፕ የሚባሉት ምንጮች ለአራባና ሕዝብ የተከበሩ፣ በሕግም የተጠበቁ ስለሆኑ እግር አይነከርባቸውም። ሌላው መሬት የከብት እርባታ ነው፤ ከሰው ቤት አንድ ኪሎ ሜትር፣ ከብት ከሚጠጣበት ገንዳ 500 ሜትር መራቅ በሕግ የተደነገገ ነው። ሕጉ ባይኖርስ? ሰው ገንዳው ዳር ሲያድር ከብቱ ፈርቶ ሳይጠጣ ይመለሳል።

የመጨረሻው ጥያቄዎ ከማርላ ወደ አሊስ ስፕሪንግስ ስለመቀጠል ነው። ርቀቱ ወደ 450 ኪሎ ሜትር ሲሆን ሁሉም አስፋልት ነው፤ ለዚህም ነው ሰዎች «ከዚህ በኋላ ቀላል ነው» የሚሉት። እኔ ግን ማርላ ላይ ብስክሌቶቹን ጭናችሁ በመኪና ብትሄዱ እመርጣለሁ። በስቱዋርት አውራ ጎዳና ላይ እስከ 53.5 ሜትር የሚረዝሙ ተሳቢዎች ይሄዳሉ፤ ሰሜናዊው ግዛት ስትገቡ የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ዘጠኝ ቀን የደከመ 12 ሰው በዚያ ጠርዝ ላይ በሰልፍ ማስኬድ ሌላ ዓይነት ድጋፍ፣ ሌላ ዓይነት ሥልጠና ይጠይቃል። ልባችሁ እምቢ ካለ ግን ማርላ ላይ አንድ ሙሉ ቀን እረፉ፤ ከሦስት በማይበልጥ ቡድን ተከፋፈሉ፤ በእያንዳንዱ ቡድን መካከል አንድ ኪሎ ሜትር ተዉ፤ አንፀባራቂ ሰደርያ ልበሱ፤ የኋላ መስታወትም ግጠሙ። ተሳቢው ከኋላ ሲመጣ፣ ሌላው ከፊት ሲመጣ ካያችሁ፣ ሳትጠብቁ ከአስፋልቱ ወርዳችሁ ቁሙ፤ ያን ክብደት የጫነ ሾፌር ለእናንተ ብሎ ፍሬን ቢይዝም በጊዜ አይቆምለትም።